ሞኒተር ስፒከር በአራት በአራት ክፍል፦ የጠፋውን ከበሮ መመለሻ

ከደሴም ከኮምቦልቻም ከወልዲያም ስለ ሞኒተር፣ ማለትም ዘፈን ሲሠራ ስለሚደመጥበት ስፒከር፣ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "አዲስ ሞኒተር ገዛሁ። ቤቴ ሳዳምጠው ሚክሱ (ድምፆቹን አመጣጥኜ ያዋሃድኩት ዘፈን) ሸጋ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሲከፈት ግን ቤዙ የባጃጁን ሸራ ያርገበግበዋል።" ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃል፦ "ከበሮው የት ገባ?"

እኔም ደርሶብኛል። የሰርግ ዘፈን ስሠራ ከበሮው አልሰማ አለኝ። በኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለየብቻ መጨመሪያና መቀነሻ) 6 ዲሲቤል ጨመርኩለት። ዘፈኑ ድንኳን ውስጥ ሲከፈት ከበሮ ብቻ ሆነ፤ ዘፋኟ የለችም። ከበሮው መጀመሪያውኑ ዘፈኑ ውስጥ ነበር። የጠፋው እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ነው።

ስፒከር ከመቀየራችሁ በፊት ይህን በቅደም ተከተል ሥሩ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ቦታ ሳይስተካከል ግድግዳ ላይ ስፖንጅ መለጠፍ ብር መጣል ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልገው፦ የአናጢ ሜትር፣ ሦስት ሜትር ያህል ሲባጎ፣ የእጅ መስታወት፣ እርሳስ፣ የወረቀት ፕላስተርና አንድ የሚያግዝ ሰው። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መጠን መለኪያ አፕ ጫኑ። ግማሽ ቀን ያዙ።

ሰዓት ምረጡ። ቤታችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ እየወረደ አትሞክሩት፤ ክረምት ላይ ከሆነ ጠዋቱን ተጠቀሙ። ከአዛንና ከቅዳሴ ሰዓትም ውጭ አድርጉት። ጎረቤትም አስቀድማችሁ ንገሩ። አንድ ዓይነት "ኡኡኡ" የሚል ድምፅ ለረጅም ጊዜ ስለምታሰሙ "ምን ነካቸው?" መባሉ አይቀርም።

ደረጃ 1፦ ክፍሉን ለኩ

ርዝመቱን፣ ስፋቱንና እስከ ኮርኒሱ ያለውን ቁመት በሜትር ጻፉ። ከዚያ 172ን ለእያንዳንዱ አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ክፍሉ በራሱ የሚያጎላው ዝቅተኛ ድምፅ ነው፣ በኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ)። የቁጥሩ እጥፍም እንዲሁ ይጎላል።

4 ሜትር ከሆነ 43 ኸርዝ ነው። 3 ሜትር ከሆነ 57። ኮርኒሱ 2.8 ሜትር ላይ ከሆነ 61 ገደማ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ኪራይ ቤት አራት በአራት ወይም ሦስት በሦስት ነው። ርዝመትና ስፋቱ እኩል ስለሆነ ሁለቱም አንዱን ድምፅ ደግመው ያጎሉታል። አራት በአራት ክፍል ውስጥ 43 እና 86 ኸርዝ ይደራረባሉ። እነዚህ ቤዝ ጊታር ላይ ፋ የሚባለው ኖታ ዝቅተኛውና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ናቸው ማለት ይቻላል። ቤዝ ተጫዋቹ ሁሉንም ኖታ እኩል መትቶ ሳለ ፋው ብቻ የሚያገሳው፣ ወይም ጭራሽ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ተጫዋቹን አትቆጡት።

"ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቁጥሩ አይለወጥም ወይ?" የሚለኝ አለ። የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው ሙቀትን እንጂ ከፍታን አይደለም። 20 ዲግሪ ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ነው፤ 10 ዲግሪ ላይ 337። ደሴም ሆነ ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻ ልዩነቱ ለዚህ ሥራ ከቁጥር አይገባም።

ግድግዳውንም እዩ። ብሎኬት ቤዝን አይለቅም፤ ይመልሰዋል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ትንሽ ይላላል። የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ ደግሞ ቤዝ ወደ ላይ ያሳልፋል። ብዙ ሰው የሚያፍርበት የድሮ ቤት ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ብሎኬት ቤት ሲሻል አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ የት እንደምትቀመጡ ወስኑ

1. ክፍሉ ረዘም ያለ ከሆነ ፊታችሁን ወደ አጭሩ ግድግዳ አዙሩ።

2. እኩል በእኩል ከሆነ ግራና ቀኙ የሚመሳሰለውን ግድግዳ ምረጡ። በግራ መስኮት፣ በቀኝ ቁም ሳጥን ካለ የዘፋኙ ድምፅ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል።

3. ከፊት ለፊቱ ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት 38 በመቶ ለኩ። ለ4 ሜትር 1.52 ነው። ለ3 ሜትር 1.14። ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ ጭንቅላታችሁ ከዚያ በላይ ይሆናል።

4. ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ግን እኩል ራቁ።

መሃል ክፍል ላይ አትቀመጡ። የመጀመሪያው ዝቅተኛ ድምፅ እዚያ ላይ ይሞታል። ጀርባችሁንም ግድግዳ ላይ አትደግፉ። እዚያ ደግሞ ሁሉም ቤዝ ተከማችቶ ይጠብቃችኋል። አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ የተሠራ ሚክስ ውጭ ሲወጣ ቤዝ የሌለው የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

38 በመቶ መነሻ ነው፤ ሕግ አይደለም። በመጨረሻው ደረጃ አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ትሞክራላችሁ።

ደረጃ 3፦ ስፒከሩን ከኋላው ግድግዳ አስማሙ

ይህን ደረጃ ሁለት ጊዜ አንብቡት። የጠፋው ከበሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው።

ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ) ወደ ፊት ብቻ ይተኩሳል። ቤዝ ግን እንደ ጭስ በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ወደ ኋላ የሄደው ቤዝ ግድግዳውን መትቶ ይመለስና በቀጥታ ወደ እናንተ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። ተመላሹ በግማሽ ሞገድ ከዘገየ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ድምፅ በድምፅ ይሰረዛል።

የሚሰረዘውን ለማወቅ ከግድግዳው እስከ ስፒከሩ ፊት ለኩ፤ እስከ ጀርባው አይደለም። 86ን ለዚያ ርቀት በሜትር አካፍሉ።

1 ሜትር ከሆነ 86 ኸርዝ ይጠፋል። የከበሮው ሆድና የቤዙ ፋ አብረው ሄዱ ማለት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 143 ኸርዝ። 32 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 270 ገደማ።

በየመጽሔቱ "ስፒከሩን ከግድግዳ አርቁት" ሲባል ትሰማላችሁ። ትልቅ ክፍል ላለው እውነት ነው። እኛ ግን አራት በአራት ክፍል ውስጥ አንድ ሜትር ስናርቀው የባሰውን ቦታ መረጥን። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ቅርብ አድርጉት።

1. የስፒከሩን ጀርባ እዩ። የአየር ቀዳዳው ከኋላ ከሆነ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ከፊት ከሆነ 5 ይበቃል።

2. ጥልቀቱ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፒከር ፊቱ 32 ላይ ይውላል። መጥፊያው ወደ 270 ኸርዝ ወጣ። ይህ ደግሞ በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በፍራሽ ሊቀነስ የሚችል ነው። 86ን ግን በብርድ ልብስ አታስቆሙትም።

3. ከማዕዘን አርቁት። አንድ ግድግዳ ቤዝን እስከ 6 ዲሲቤል ይጨምራል። ሁለት ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ማዕዘን ሲሆን ይህ ይደራረባል።

ካልተሳካ፦ ስፒከሩን ስታስጠጉ ቤዙ በዝቶ "ቡምቡም" ካለ አትደንግጡ፤ መልሳችሁም አታርቁት። የበዛ ቤዝ በደረጃ 8 ይቀነሳል። የጠፋ ቤዝ ግን በምንም ቁልፍ አይመለስም። በኢኪው ብትጨምሩለት በቀጥታ የሚመጣውም ከግድግዳ የሚመለሰውም እኩል ይጨምራሉ፤ እንደገና እኩል ይጣፋሉ። 6 ዲሲቤል መጨመር ደግሞ ስፒከሩን አራት እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው። ዉፈሩን (ቤዝ የሚያወጣውን ትልቁን ክብ) የምታቃጥሉት እንዲህ ነው።

ደረጃ 4፦ ሦስት ማዕዘኑንና ቁመቱን አስተካክሉ

ከትዊተር እስከ ትዊተር፣ ከእያንዳንዱ ትዊተር እስከ ጭንቅላታችሁ፣ ሦስቱም ርቀት እኩል ይሁን። በሲባጎ ለኩት። በአራት በአራት ክፍል፣ ከላይ ባስቀመጥነው ልክ፣ 1.40 ሜትር ገደማ ይመጣል። ስፒከሮቹን ወደ ውስጥ፣ ወደ ጆሯችሁ አዙሩ።

ትዊተሩ ተቀምጣችሁ ከጆሯችሁ እኩል ይሁን። ለብዙ ሰው ከወለሉ 1.20 ሜትር አካባቢ ነው።

ማቆሚያ መግዛት አያስፈልግም። 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ብሎኬት አምስት ስትደራርቡ አንድ ሜትር ይሆናል። ቀዳዳውን በደረቅ አሸዋ ሙሉት፤ እንዳይጮህ። ብሎኬቶቹን በሲሚንቶ አያይዙ፤ ስፒከሩ ሥር የጎማ ቁራጭ አንጥፉ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ግን ከግድግዳው ጋር ካላሰራችሁት አትሞክሩት። እግር ላይ ከወደቀ ወሬው ስለ ድምፅ መሆኑ ያበቃል።

ስፒከሩን በጎኑ አታጋድሙት፣ አምራቹ እንዲጋደም የሠራው ካልሆነ። ዉፈሩና ትዊተሩ ጎን ለጎን ሲሆኑ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር የሁለቱ ድምፅ መገናኛ ይበላሻል። የዘፋኙ ድምፅ አንዴ ቀጭን አንዴ ወፍራም ይመስላል።

ደረጃ 5፦ ጠረጴዛውንና የጎን ግድግዳውን አድኑ

እዚህ ሲባጎው ዋና መሣሪያ ነው። ከትዊተሩ በቀጥታ እስከ ጆሯችሁ ለኩ። ቀጥሎ ከትዊተሩ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ጆሯችሁ ለኩ። አጭሩን ከረጅሙ ቀንሱ። 172ን ለልዩነቱ በሜትር አካፍሉ።

ልዩነቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 860 ኸርዝ ላይ ጉድጓድ አለ። ከዚያ በሦስት እጥፉ፣ በአምስት እጥፉ እያለ ይቀጥላል፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ። የሰው ድምፅና ማሲንቆ የሚናገሩበት ቦታ ነው። "ማሲንቆው በቆርቆሮ ውስጥ ያለ ይመስላል" የምትሉት ምናልባት ጠረጴዛችሁን እየሰማችሁ ነው።

መፍትሔው፦ ስፒከሩን ከጠረጴዛው ላይ አውርዱና ከጀርባው በማቆሚያ አቁሙት። ትልቅ ጠረጴዛ ካላችሁ በትንሽ ለውጡት። ካልቻላችሁ ስፒከሩን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጋችሁ ፊቱን ወደ ጆሮ አዘንብሉት። ጠረጴዛው ላይ ጋቢ ማንጠፍ ለላይኛው ድምፅ ብቻ ይረዳል።

ለጎን ግድግዳ፦ እናንተ ቦታችሁ ላይ ተቀመጡ። ረዳታችሁ መስታወቱን በጆሮ ቁመት ግድግዳው ላይ እያስኬደ ይለፍ። መስታወቱ ውስጥ ትዊተሩን ያያችሁበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በግራም፣ በቀኝም፣ ኮርኒሱ ቺፑድ ከሆነ በላይም። ድምፁ የሚነጥረው ከነዚያ ቦታዎች ነው።

ደረጃ 6፦ መምጠጫውን ሥሩ

የእንቁላል ትሪ አትለጥፉ። ለቤዝ ምንም አያደርግም፤ ለሌላውም ከምንም አይቆጠርም። 3 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅም "ስስስ" የሚለውን ብቻ ይበላና የቀረውን ይተወዋል። ክፍሉ የታፈነ ይሆናል፤ ቤዙ ግን እንዳለ ነው።

የሚሠራው ውፍረት ነው። በሞራሌ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር ፍሬም አስመቱ፤ ጥልቀቱ 10 ይሁን። ፋይበር ግላስ ወይም የማዕድን ሱፍ ሙሉበት፤ በአቡጀዲ ሸፍኑት። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ስቀሉት። ክፍተቱ በነጻ የሚገኝ ውፍረት ነው።

ፋይበር ግላስ ስትነኩ ጓንት፣ ማስክና ረጅም እጅጌ ልበሱ። ያሳክካል፤ ሳንባም ላይ ጥሩ አይደለም። በፌስታል ጠቅልላችሁ ግን አትዝጉት፤ ፌስታሉ ትዊተሩን መልሶ ያነጥረዋል።

ብሩ ከሌለ፦ የጥጥ ፍራሽ። ያረጀ ቢሆን ግድ የለም። ሁለቱን የፊት ማዕዘን ላይ አቁሙ፤ አንዱን ከጀርባችሁ ግድግዳ ላይ ደግፉ። የደጋው የበግ ሱፍ ባናም አራት አምስት ጊዜ ታጥፎ ምልክት ባደረጋችሁበት ቦታ ላይ ሲሰቀል ከገበያ ስፖንጅ ይበልጣል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይኑር።

ጭድ በጆንያ ሞልቶ የደረደረ አውቃለሁ። ድምፁን ይመጥጣል፤ ውሸት አይደለም። ግን በኤሌክትሪክ ገመድና በሻማ መሃል ጭድ ማከማቸት ቤት ማቃጠል ነው። አይጥም ይወደዋል። አታድርጉት።

ፈተና፦ መሃል ቆማችሁ እንደ መንዙማ ጭብጨባ አንዴ ጠንከር አድርጉ። ከጭብጨባው በኋላ "ጭርርር" የሚል ጅራት ከሰማችሁ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች ፊት ለፊት እየተቀባበሉ ነው። አንዱን ሸፍኑ።

ደረጃ 7፦ "ዝዝዝ" የሚለውን አጥፉ

እስካሁን ያየነው ድምፅ ከድምፅ ጋር ሲጣፋ ነው። ይህ ደግሞ ኤሌክትሪክ ድምፁ ውስጥ ሲገባ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጩኸቱ 50 እና 100 ላይ ይሰማል።

1. የሲግናል ኬብሉን ከስፒከሩ ንቀሉ፤ መብራቱ እንዳለ ይሁን። ጩኸቱ ካልቆመ ችግሩ ከመብራቱ ወይም ከራሱ ከስፒከሩ ነው። ጆሮ አስጠግታችሁ ብቻ የምትሰሙት ቀጭን "ስስስ" ግን ጤነኛ ነው።

2. ከቆመ ኬብሉን መልሱና የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። በባትሪ ሲሠራ ጸጥ ካለ ጩኸቱ የሚመጣው በኧርዝ (ወደ መሬት በሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) በኩል ነው።

3. ላፕቶፕ፣ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ላፕቶፑን ከማይክና ከስፒከር የሚያገናኘው ሳጥን) እና ስፒከሮች ሁሉ ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ደህና ዲቫይደር ይብሉ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።

4. ኬብሉ ባላንስድ ይሁን፦ ባለሦስት እግር ኤክስኤልአር፣ ወይም ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ጃክ። አንድ ቀለበት ብቻ ካለው የጊታር ኬብል ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ጩኸት ሁሉ ይለቅማል።

5. የመብራት ገመድና የሲግናል ገመድ አብራችሁ አትሰሩ። መሻገር ካለባቸው በመስቀለኛ ይሻገሩ። ስታቢላይዘሩን ከኬብሎቹ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁ።

6. ስልክ ከመጥራቱ በፊት ስፒከሩ "ትክትክ ትርርር" ካለ ስልኩን ከኬብሉና ከስፒከሩ አርቁት።

ማስጠንቀቂያ፦ ጩኸቱን ለማጥፋት የኧርዝ እግሩን አትቁረጡ፤ በፕላስተርም አትሸፍኑ። ጩኸቱ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ቀን ውስጡ ሽቦ ከተነካካ ግን የስፒከሩ ብረት ወይም ማይኩ ፌዝ ይሆናል፤ ዘፋኙ ከንፈሩን ማይክ ላይ ነው የሚያስጠጋው። ከ3 እስከ 5 ያለው ካልፈታው ትራንስፎርመር ያለው ማግለያ ሳጥን በሲግናሉ መስመር ላይ አስገቡ። ቤቱ ጭራሽ ኧርዝ ከሌለው ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ ራሳችሁ አትግቡበት።

ስታበሩ ስፒከሩ መጨረሻ፣ ስታጠፉ ስፒከሩ መጀመሪያ። መብራት ሲሄድ ወዲያው ንቀሉት። ሲመለስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሱ።

ደረጃ 8፦ የጀርባውን ቁልፎች አስተካክሉ

ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ወጥ ጩኸት በግራው ስፒከር ብቻ አሰሙ። ስልኩን ጆሯችሁ በሚሆንበት ቦታ ያዙና ቁጥሩን ጻፉ። ለቀኙም ድገሙ። እስኪመሳሰሉ ድረስ የድምፅ ቁልፉን አስተካክሉ። ለትንሽ ክፍል 75 ዲሲቤል አካባቢ ይበቃል። የስልክ አፕ ትክክለኛ መጠኑን ላይነግራችሁ ይችላል፤ ሁለቱን ለማወዳደር ግን በቂ ነው።

ከዚያ ቤዝ መቀነሻውን ፈልጉ። ለምሳሌ ያማሃ ኤችኤስ5 ጀርባ ላይ ሩም ኮንትሮል የሚል ቁልፍ አለ፤ 0፣ −2 እና −4 ዲሲቤል ይላል። በደረጃ 3 ስፒከሩን አስጠግተናልና በ−2 ጀምሩ። አሁንም ካገሳ −4። የትዊተሩን ቁልፍ መጀመሪያ ላይ 0 ተዉት።

ደረጃ 9፦ በጆሮ ፈትሹ

ከ40 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ አሰሙ። ዝቅ ባለ መጠን ይሁን። በየት ላይ እንደሚያገሳና በየት ላይ እንደሚጠፋ ጻፉ። ትንሹ ስፒከር ከ50 በታች ራሱ ስለማይወርድ እዚያ ቢጠፋ ክፍሉን አትክሰሱ።

የመለኪያ ማይክ ካላችሁ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ በግራፍ ያሳያችኋል።

የጠፋ ቦታ ካለ ወንበሩን 10 ሴንቲ ሜትር ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ ሞክሩ። ቀጥሎ ስፒከሮቹን 5 ሴንቲ ሜትር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አንቀሳቅሱ፤ ሁለቱን ካንቀሳቀሳችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም።

የሚያገሳው ቦታ ላይ ብቻ ኢኪው መቀነስ ይቻላል፤ ለምሳሌ 43 ላይ 4 ዲሲቤል። የጠፋውን መጨመር እንደማይሠራ ተነጋግረናል።

ቤዙ ጭራሽ ስስ ከሆነና ዘፋኙ መሃል ላይ ካልቆመ፣ ይልቁንም ከሁለት ጎን የሚመጣ ከመሰለ፣ ነገሩ ከክፍሉ አይደለም። አንዱ ኬብል ውስጡ ተገላብጦ ተበይዷል። በሌላ ኬብል ለውጡት። ይህን ሳያውቅ ሦስት ወር ስፖንጅ ሲገዛ የከረመ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ይህን ጽሑፍ እየጻፈላችሁ ነው።

በመጨረሻ በደንብ የምታውቁትን አንድ ዘፈን፣ አንድ አምባሰልና አንድ መንዙማ በስፒከሩ አዳምጡ። ከዚያ የራሳችሁን ሚክስ በፍላሽ ይዛችሁ ባጃጅ ውስጥ ግቡ። ከሹፌሩ ጋር ሳትነጋገሩ አንድ ዙር ሂዱ። ሹፌሩ ቤዙን ለመቀነስ እጁን ከሰደደ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።